ወተት በጉንጬ፦ በረሃብ ዘመን የተገኘው የወሎ ማሽላ

ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳየ። በወልዲያና በቆቦ አልፎ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ረሃብተኛው መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ፊልሙ በ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ምሽት ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናጅቶ በአገር ውስጥ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ይህንን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ወሎ እህል ሌላ ነገር ታትሞ ነበር፤ ያነበቡት ግን የሰብል ተመራማሪዎች ብቻ ናቸው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነቶችን ሲያበጥሩ ከረሙ። የሚፈልጉት ላይሲን የበዛበትን ነው። ላይሲን የልጅን ሰውነት ከሚገነቡት የፕሮቲን ክፍሎች አንዱ ሲሆን ማሽላ ላይ እጅግ ያንሳል፦ ከ100 ግራም ፕሮቲን ሁለት ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ከዚያ ሁሉ ክምችት ከሦስት ግራም ያለፉት ሁለት ብቻ ተገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ ዘመዶቻቸውም ወሎ ማሳ ላይ ተገኙ።

ገበሬው ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም። «ወተት በጉንጬ»፣ «ማርጩቄ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ማሳውን ሁሉ አይሸፍንባቸውም፤ ከሌላው ማሽላ መካከል እዚህም እዚያም ጣል ያደርጋቸዋል። ፍሬው ሳይደርቅ፣ ገና ሊጥ እንደመሰለ ዘለላው ተቆርጦ እሳት ላይ ይጠበሳል፤ በመዳፍ ታሽቶ፣ ገለባው በትንፋሽ ተነፍቶ ትኩሱን ይበላል። ከደረቀ በኋላ ያየው ሰው ግን ይንቀዋል፤ ፍሬው የተጨማደደ፣ ሲያነሱት የሚቀል ነው።

በቆቦ ሜዳ የማሽላ ዘመን ረጅም ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት ዓይነቶች በበልግ ተዘርተው የሚሰበሰቡት በኅዳር ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሲከዳ ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ ማስገባትም የቆየ ጥበብ ነው። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ጥንቅሽም እያኘኩ ነው። እሸት የሚበላው በዚህ ወቅት ነው፤ ያረጀው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት። ለልጅ የሚሻለው ማሽላ የሚደርሰው ልጅ አብዝቶ በሚራብበት ወር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ተመራማሪዎች ይህን ማሽላ የጎተራ እህል ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ነገሩ እንዳሰቡት አልሄደም። ፍሬው ለስላሳ ስለሆነ ነቀዝና ሻጋታ በቀላሉ ያጠቃዋል፤ ምርቱም ያንሳል። እኔ ጥፋቱን ማሽላው ላይ አልጥልም፤ የወሎ ገበሬ ለእሸት እንጂ ለጎተራ አልዘራውም።

ያ ዓመት ሌላም ነገር አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቀው ወጣት ገቢሳ ኤጄታ ከአክስቴል ጋር ተዋወቀ፤ ማሽላ በመሰብሰብ ረዳው፤ በኋላም ፐርዱ ገብቶ ተማረ። ትልቁ ሥራው የቆቦን ገበሬም በሚያስመርረው፣ አቀንጭራ በተባለው ጥገኛ አረም ላይ ነው። የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ ቅንጣት አይበልጥም፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች ያፈራል። መሬት ውስጥ ለዓመታት አድብቶ ይቆይና የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነቅቶ ሥሩን ይመጠምጣል። ገቢሳና ባልደረቦቹ ያንን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጩ ማሽሎችን መርጠው አዳቀሉ፤ አቀንጭራው ሳይነቃ ይቀራል። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ ከወልዲያ ወደ ቆቦ የተጓዘ ሰው ጎብዬ የምትባል ከተማ እንዳለች ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ገቢሳ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ።

ወተት በጉንጬ ግን ሸላሚ አላገኘም። አሁን የቆቦ ገበሬ ፊቱን ወደ ጤፍና ቶሎ ደራሽ ማሽላ ሲያዞር፣ እንዲህ ያለው ለጥብስ ብቻ ጣል የሚደረግ ዘር መጀመሪያ የሚረሳው ነው። እናትና አባታችሁ እዚያ የሚያርሱ ካሉ ለመጪው በልግ ጠይቁልን፤ አንድ ዘለላ እንኳ ከተገኘ ግማሹን ዝሩት፣ ግማሹን ለሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አድርሱት።