ትልቁ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ

አኳሪየም ያለው ሰው ቤት ሄዳችሁ ከሆነ ሲክሊድ የሚባሉትን ባለ ብዙ ቀለም ዓሦች ሳታዩ አትቀሩም። ስሙ እንግዳ ቢመስላችሁም ዘመዳቸውን በልታችሁታል፤ ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የት እንደምታሳድግ ታውቃላችሁ? አፏ ውስጥ!

የቪክቶሪያ ሐይቅ ሲክሊዶችም እንዲሁ ናቸው። ሴቷ እንቁላሏን እንደጣለች ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። ወንዱ ደግሞ ከሆዱ በታች ወደ ኋላ ባለው ክንፉ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉት። እነሱንም ልትለቅም አፏን ስታስጠጋ የወንዱ ዘር ይገባል፤ እንቁላሎቹም እዚያው ይዳብራሉ። ይህን ማብራሪያ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቪክለር ነው። ከዚያ በኋላ እናት ለሁለት ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳትበላ ማለት ይቻላል፣ ልጆቿን በአፏ ይዛ ትዞራለች።

ታዲያ ይቺን እናት ከትላልቅ ዓሦች ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ብታስቀምጧትስ? ስትደነግጥ ልጆቿን ትተፋለች፣ አንዳንዴም ትውጣቸዋለች። የተተፉትን ትልቁ ዓሣ ይለቅማቸዋል፤ ዓሣ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይበላል እኮ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ጉሮሮዋ ማበጡን ሲያዩ ለብቻዋ ያወጧታል።

ሐይቅ ላይ ግን ማን ያወጣታል?

በ1950ዎቹ በቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ዩጋንዳ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ትንንሾቹና እሾሃሞቹ ሲክሊዶች ለገበያ አይሆኑም፣ እነሱን በልቶ የሚደልብ ዓሣ ግን ይሸጣል። ጄፍሪ ፍራየር የተባለው ተመራማሪ በ1960 ሐሳቡን ተቃውሞ ጽፎ ነበር። ዓሣው ግን ያኔ ሐይቁ ውስጥ ነበር። ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ያድጋል፣ ሚሊዮን እንቁላሎች ይጥላል። የሲክሊዷ እናት የምትይዘው ጥቂት አሥሮችን ብቻ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

በ1977 የኔዘርላንዱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታንዛኒያ፣ ምዋንዛ ላይ ሥራ ጀመሩ። በ1980ዎቹ ናይል ፐርች ሲበዛ የሚያጠኗቸው ዓሦች ዓይናቸው እያየ ጠፉ። ሐይቁ 500 ያህል የሲክሊድ ዝርያዎች ነበሩት፤ ወደ 200 የሚሆኑት እንደጠፉ ይገመታል። በሌላ በኩል የዓሣ ንግዱ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ይህንንም መካድ አይቻልም።

ጥፋቱ ግን የናይል ፐርች ብቻ አይደለም። ከየብስ በሚገባው ቆሻሻና አፈር ውሃው ደፈረሰ። ሴቶቹ የራሳቸውን ዝርያ ወንድ የሚለዩት በቀለሙ ነው። ኦሌ ዘሄሃውሰንና ባልደረቦቹ ሁለት ዝርያዎችን አኳሪየም ውስጥ ፈተኑ፤ አንደኛው በታንዛኒያው መሪ በጁሊየስ ኔሬሬ ስም የተሰየመ ነው። በነጭ ብርሃን ሴቶቹ የራሳቸውን ወንድ መረጡ። ቀለም የማይለይበት ብርሃን ሲበራ ግን ምርጫቸው ተምታታ። በደፈረሰ ውሃም ዝርያዎቹ ይዳቀላሉ፣ ልዩነታቸውም ይጠፋል።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ የተወሰኑ ዓሦችን በሕይወት ይዘው ወደ አውሮፓና አሜሪካ ገንዳዎች የወሰዱት። እዚያም ሥራው ቀላል አይደለም። ተቀራራቢ ዝርያዎችን ከቀላቀላችሁ ይዳቀሉባችኋል፤ ትልቅ ዓሣ ካስገባችሁ ጫጩት አታዩም። ከሐይቁ ከጠፉት መካከል ዛሬ በመስታወት ገንዳ ብቻ የሚኖሩ አሉ።

እኛ አገርስ? ናይል ፐርች ጫሞና ባሮ ውስጥ ጥንቱንም የነበረ ነው፤ ቆሮሶም አብሮት እየኖረ ለምዶታል። ጣና ግን አልደረሰም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ዘግቶበታል።

ቪክቶሪያ ላይ ናይል ፐርች በብዛት ከተጠመደ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አንዳንድ ሲክሊዶች ተመልሰው ታዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ፒሮሴፋለስ የሚባለው፣ እንደ ድሮው አልነበረም። ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ ውስጥ ስንጥቡ ሰፍቷል፤ ድሮ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን ይበላ የነበረው አሁን ትልልቅ ነፍሳትንና ሽሪምፕን ይበላል።