ቀዩ የባዜቃ ዱቄትና የ1774ቱ ክርክር

ኦክሳይድ ኦክስጅን ከሌላ አንድ ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ውሁድ ሲሆን፣ ውሃም ሆነ የተቃጠለ ኖራ ከዚሁ ወገን ናቸው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1787 ያጸደቁት ጊቶን ደ ሞርቮ፣ ላቯዚዬ፣ ቤርቶሌና ፉርክሯ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። ቀደም ሲል አብዛኞቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ብረታ ብረት ሲቃጠል ፍሎጂስተን የተባለ ተቀጣጣይ ባሕርይ እንደሚወጣው ያምኑ ነበር፤ ይህን እምነት ለመናድ ምክንያት የሆነው ባዜቃ (ሜርኩሪ) ሲጋል የሚፈጥረው ቀይ ዱቄት ነው።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ኦገስት 1 ቀን 1774 የፀሐይን ጨረር በትልቅ ማጉያ መስተዋት ሰብስቦ ዱቄቱን ሲያግለው፣ ሻማን ከወትሮው አድምቆ የሚያነድድ አየር አገኘ። በኦክቶበር ፓሪስ ሄዶ በላቯዚዬ ማዕድ ላይ ይህንኑ ነገር ተናገረ፤ ፈረንሳይኛው ደካማ ስለነበር፣ ይኸው አየር የሚገኝበትን ሌላውን ዱቄት፣ ቀዩን የእርሳስ ኦክሳይድ፣ በስሙ ለመጥራት ተቸግሮ፣ ማኬር የተባለው ኬሚስት ትክክለኛውን ስም እስኪያቀብለው ድረስ ተጋባዦቹ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም ነበር። ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ከተማ ይሠራ የነበረው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ሼሌ ደግሞ ያንኑ አየር ከፕሪስትሊ ቀድሞ አግኝቶ ነበር፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1774 ለላቯዚዬ በጻፈው ደብዳቤም ከብር ካርቦኔት አየሩ የሚወጣበትን መንገድ አመልክቶ በራሱ መስተዋት እንዲሞክረው ጠይቆታል። የሼሌ መጽሐፍ ግን እስከ 1777 ሳይታተም ዘገየ።

ላቯዚዬ ደብዳቤው ደርሶኛል ብሎ አያውቅም፤ ግሪሞ የተባለ ፈረንሳዊ በ1890 አሳትሞ እስኪያወጣው ድረስም ስለ ደብዳቤው እምብዛም የተነገረ ነገር አልነበረም። ላቯዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ሦስቱም አየሩን በአንድ ሰሞን ገደማ እንዳገኙት ጽፏል፤ የማዕዱን ወሬና የደብዳቤውን ቀን ጎን ለጎን ላስቀመጠ አንባቢ ግን ይህ አባባል ለራሱ እጅግ ለጋስ ሆኖ ይታያል። ጥያቄ የማይነሳበት የእርሱ ድርሻ ሚዛኑ ነው፦ ባዜቃውን ለ12 ቀናት አግሎ፣ 50 ኪዩቢክ ኢንች የነበረው አየር ወደ 42 መቀነሱን ለካ፤ ከተገኘው ዱቄት 45 ግሬን ወስዶ አጥብቆ ሲያግለውም 41 ተኩል ግሬን ባዜቃና ከ7 እስከ 8 ኪዩቢክ ኢንች አየር መልሶ አገኘ። ከብረቱ ወጣ የተባለው ነገር እንዲያውም ከአየሩ ወደ ብረቱ የገባ፣ ኋላ ኦክስጅን የተባለው አየር ነበር። ፕሪስትሊ ግን በ1804 እስኪሞት ድረስ ፍሎጂስተንን አልካደም።

የኦክሳይዶች አመዳደብም ቢሆን በአንድ ጊዜ አልጠራም። ላቯዚዬ አሲድን ሁሉ የሚወልደው ኦክስጅን ነው ብሎ ስላመነ፣ አሲድ ለመሆን ኦክስጅን ያነሰውን ውሁድ ኦክሳይድ አለው፤ ይሁንና ሃምፍሪ ዴቪ በ1810 ከጨው የሚሠራው አሲድ ኦክስጅን እንደሌለው አሳየ። ዛሬ መለያው ጠባይ ነው፦ እንደ ድኝ ያሉ ኢ-ብረቶች በአብዛኛው ከውሃ ጋር አሲድ የሚሰጡ አሲዳዊ ኦክሳይዶችን ይፈጥራሉ፤ እንደ ካልሲየም ያሉ ብረቶች ደግሞ አሲድን የሚያመክኑ ቤዛዊ ኦክሳይዶችን ይሠራሉ። የአሉሚኒየምና የዚንክ ኦክሳይዶች ከሁለቱም ወገን ጋር ስለሚጣመሩ አምፎተሪክ ሲባሉ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሁለቱም ስለማይገባ ገለልተኛ ይባላል።

ላቯዚዬ በ1789ኙ መጽሐፉ ኖራን ከንጥረ ነገሮች ተርታ አስገብቶት ነበር፤ ኦክሳይድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ግን ጠርጥሯል፣ ዴቪም በ1808 ካልሲየምን በኤሌክትሪክ ከኖራ ለይቶ አወጣ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአፈርን አሲዳማነት ለመቀነስ የሚበተነው ኖራ የሚያገለግለው በዚሁ አሲድን የማምከን ጠባዩ ነው፤ ለእርሻ የሚውለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃጥሎ ኦክሳይድ የሆነው ሳይሆን ሳይቃጠል የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ነው።