የጦር መሐንዲሶች ንድፍና የአዲንዳን ነጥብ

ስለ ጦር መሐንዲሶች ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበን ድልድዩና ምሽጉ ነው። ሆኖም ከግንባታው በፊት ንድፍ፣ ከንድፉም በፊት የመሬት ልኬት አለ። ኮምፒዩተር የለወጠው የንድፉን ሥራ ነው፤ ልኬቱ ግን የራሱ የቆየ ታሪክ አለው።

ይህን የምንጽፍባት ጁባ፣ ኮሎሎ ሰፈር፣ ለዚሁ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በ30ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ አቅጣጫ እስከ ግብፅ እንዲዘረጋ የታሰበው የልኬት ሰንሰለት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዴቪድ ጊል ሐሳብ ቢጀመርም፣ በደቡብ ሱዳን ምድር ላይ ተቋርጦ ኖሯል። ክፍተቱ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ የዘጋውም የአሜሪካ ጦር የካርታ ክፍል ነው።

የሱዳኑ ልኬት መነሻ አዲንዳን የተባለ የኑቢያ መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ለዓባይ ሸለቆ ጥናት ሲባል ይኸው ልኬት ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በ1963 ደግሞ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከኢትዮጵያውያን ጋር አገሪቱን በካርታ የማንሣት ሥራ ጀመሩ። መንደሩ ዛሬ ከአስዋን ግድብ ሐይቅ በታች ሰጥሟል፤ ስሙ ግን በካርታዎቻችን ላይ አለ።

በዚያው በ1963 ነበር ኢቫን ሰዘርላንድ ለአየር መከላከያ ምርምር በተቋቋመው በሊንከን ላቦራቶሪ፣ በብርሃን ብዕር መስታወት ላይ መስመር መሳል የሚያስችለውን ስኬችፓድ ያቀረበው። የጦር መሐንዲሶች መሥሪያ ቤቶች ግን በኮምፒዩተር መንደፍን በስፋት የያዙት በ1980ዎቹ ነው። በ1982 አውቶካድ ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች መቅረቡ ነገሩን አፋጠነው። ችግሩም ተከተለ፤ አንዱ ክፍል የነደፈውን የሌላው መሣሪያ ማንበብ አቃተው። የአሜሪካ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል አንድ የንድፍ ደንብ የሚያወጣ የጋራ ማዕከል በቪክስበርግ ያቋቋሙት በ1992 ነው። መሣሪያው ቀድሞ ደንቡ ዘገየ ማለት ነው።

ለእኛ አካባቢ ከዚህ የሚከፋው የመነሻው ጉዳይ ነው። ከሳተላይት የሚገኘው ልኬት መነሻው አዲንዳን አይደለም። አንዱ ቀያሽ ከአሮጌው ካርታ፣ ሌላው ከሳተላይት መቀበያ ያገኙትን ቁጥር ሳያስተካክሉ በአንድ ንድፍ ላይ ቢያስገቡ፣ ያው አንድ ቦታ ከ100 ሜትር በላይ በሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ላይ ይወድቃል። ኮምፒዩተሩም ሁለቱን ያለ አንዳች ተቃውሞ ይስላቸዋል፤ የድልድዩ አንድ ጫፍ ወንዝ ውስጥ ቢገባም አይነግረንም።

በትምህርት ቤቱ የ1፡50,000 ካርታ ካለ፣ ተማሪዎች ከኅዳጉ ላይ አዲንዳን የሚለውን ስም ይፈልጉ፤ መንደሩ የነበረበትንም ቦታ በአፍሪካ ካርታ ላይ፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ያመልክቱ።