የጃጓሩ አፍንጫ እና የዘይቱ ገንዳ

የመኪና ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ሱስ አለባቸው። ድሉን ሁሉ ለሾፌሩ፣ ውበቱን ሁሉ ለዲዛይነሩ፣ የተረፈውን ደግሞ ለባንዲራው ያከፋፍላሉ። ከሞተሩ ሥር ተጣብቃ፣ ጭቃና ጠጠር እየተረጨባት፣ ዘይት ታቅፋ የምትውለውን ቆርቆሮ የሚያስታውስ የለም። ጋራዥ ስትሄዱ «ኦይል ፓን» የምትባለው ማለታችን ነው፤ እኛ የዘይት ገንዳ እንላታለን። ዛሬ የእሷ ጠበቃ ሆነን ቀርበናል። ጉዳያችን በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተከሰተ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው፤ አንባቢ ሰባት ስምንት እየቀነሰ ይከተለን።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮቨንትሪ ከተማ በቦምብ ስትደበደብ፣ የጃጓር ፋብሪካ ሰዎች ሌሊት ሌሊት ጣራ ላይ ወጥተው እሳት ይጠብቁ ነበር። አለቃው ዊሊያም ላየንስ እና መሐንዲሶቹ ዊሊያም ሄይንስ፣ ዋልተር ሃሰንና ክሎድ ቤይሊ እሳት እየጠበቁ ከጦርነቱ በኋላ ስለሚሠሩት ሞተር ያወሩ ነበር። ወሬው በ1948 ኤክስኬ የተባለው ሞተር ሆኖ ተወለደ። ስድስት ሲሊንደር፣ 3.4 ሊትር፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት። ሲሊንደሩ 83 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው ፒስተኑ 106 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል። ይህች የመጨረሻዋ ቁጥር ትያዝልን። ፒስተኑ ረጅም መንገድ የሚሄድበት ሞተር ራሱም ረጅም ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የዘይት ገንዳው አለ።

በ1951 ጃጓር ሦስት ሲ-ታይፕ መኪናዎችን ይዞ ፈረንሳይ ሄደ፤ ሌ ማን፣ የ24 ሰዓቱ ውድድር። ወጣቱ ስተርሊንግ ሞስ ከፊት ሆኖ ሲያበር ሳለ ሞተሩ የዘይት ግፊት አጣ። ሌላኛው ጃጓርም እንዲሁ ሆነ። ጥፋተኛዋ ገንዳው ውስጥ ያለች የዘይት ቱቦ ነበረች፤ የሞተሩን ንዝረት አልቻለችም፣ ተሰበረች። ዘይቱ እዚያው ገንዳው ውስጥ ሞልቶ እያለ ሞተሩ ዘይት አጣ፤ ወንዝ ዳር ቆሞ በጥም መሞት ይሏል ይሄ ነው። ሦስተኛው መኪና ያንኑ ዓይነት ቱቦ ተሸክሞ ነበር። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሄደ፣ አሸነፈም። ፒተር ዎከርና ፒተር ኋይትሄድ ለጃጓር የመጀመሪያውን የሌ ማን ዋንጫ አመጡ።

እዚህ ላይ «ጃጓር ከተሰበረችው ቱቦ ተምሮ ገንዳውን ቀየረ» ብለን ታሪኩን ጠቅልለን መሄድ እንችል ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ይወጣው ነበር፤ ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። በ1952 ሦስቱም ጃጓሮች ከውድድሩ የወጡት በዘይት ሳይሆን ከመጠን በላይ በመሞቅ ነው፤ ለፍጥነት ተብሎ የተቀየረው የፊት ቅርጽ ሞተሩን አየር ነፈገው። በ1953 ደግሞ ሲ-ታይፕ ዘይቱን በዚያው በተለመደው ዓይነት ገንዳ እንደያዘ፣ ነገር ግን ዲስክ ፍሬን ተገጥሞለት፣ እንደገና አሸነፈ። ቱቦ ለማስተካከል አዲስ ገንዳ አያስፈልግም። ገንዳውን ያስቀየረው ሌላ ጠላት ነው፤ አየር።

ማልኮም ሴየር የሚባል ሰው ጃጓር የገባው ከአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። ለእሱ መኪና ማለት አየር የሚቀድ ነገር ነው፤ ፊቱ ባነሰ ቁጥር በተመሳሳይ ጉልበት ይበልጥ ይፈጥናል። ለ1954 የሚሆነውን ዲ-ታይፕ ዝቅ አድርጎ ለመሥራት ሲነሳ ግን ያ ቁመተ ረጅም ሞተር ተገተረበት። ሞተሩን ከላይ መቁረጥ አይቻልም፤ ካምሻፍቶቹና ቫልቮቹ ያሉት እዚያ ነው። ከሥር ያለችው ገንዳ ግን የያዘችው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ቢቻልስ?

እስቲ ገንዳዋ ምን እንደምትሠራ እንይ። በተራ መኪና ዘይቱ ከክራንክሻፍቱ ሥር ይተኛል፤ አንድ ፓምፕ ከዚያ እየመጠጠ ወደ ላይ ይገፋል። ተሽከርካሪው ክራንክሻፍት ማረፊያውን በቀጥታ አይነካም፤ በመሃላቸው ስስ የዘይት ሽፋን አለች። አሁን ታክሲ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ይዛችሁ ሾፌሩ አደባባዩን በሙሉ ፍጥነት ሲዞረው አስቡት (ረዳቱ «ተጠጋ ተጠጋ» ማለቱን አይተውም)። ሻይው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ገንዳው ውስጥ ያለው ዘይትም እንዲሁ ነው። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ከመምጠጫው ከሸሸ ፓምፑ አየር ይውጣል፤ የዘይቷ ሽፋን ትጠፋና ብረት ከብረት ይገናኛል። ውድ ሞተር በሴኮንዶች ውስጥ ቁርጥራጭ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ርካሹ መፍትሔ ገንዳው ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱ ግድግዳዎችን መበየድ ነው፤ ዛሬም መኪናቸውን ለውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሄይንስ የመረጠው ግን ውዱን መንገድ ነው። ገንዳዋ ዘይት ማጠራቀሟ ቀረ። የሚንጠባጠበውን ዘይት አንድ ፓምፕ ወዲያው እየጠረገ ለብቻው ወደ ተቀመጠ ጋን ይልከዋል፤ ሌላ ፓምፕ ደግሞ ከጋኑ እየሳበ ሞተሩን ያጠጣል። «ደረቅ» ገንዳ የሚሉት ይህን ነው። ፈጠራው የጃጓር አይደለም፤ የአውሮፕላን ሞተሮች ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁታል። ማጠራቀሚያነቷ የቀረላት ገንዳ ጠፍጣፋ ሆነች፤ ሞተሩ ዝቅ አለ፤ ከሞተሩ ጋር ኮፈኑም ዝቅ አለ። ሰው ሁሉ ፎቶውን ለጥፎ የሚያደንቀው ያ ክብ አፍንጫ መሬት ለመሬት የሚሄደው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ በተጨማሪ 8.5 ዲግሪ ወደ ጎን እንዲያዘነብል ተደርጓል። ይህም ቁመት ለመቀነስ ነው የሚሉ አሉ፤ ለካርቡሬተሮቹ ቦታ ለማግኘት ነው የሚሉም አሉ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን፤ በ8.5 ዲግሪ ማዘንበል የሚቀንሰው ቁመት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ውጤቱስ? በ1954 ሌ ማን ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ 3.4 ሊትሩ ዲ-ታይፕ በሰዓት ወደ 278 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ 4.9 ሊትር ሞተር የያዘው ፌራሪ ወደ 258 ነበር። በጉልበት የሚበልጠውን በቅርጽ በለጠው። ውድድሩን ግን ፌራሪ ወሰደው። የጃጓሮቹን የነዳጅ ማጣሪያ ደቃቅ ቆሻሻ ደፈነውና ጊዜ በሉ፤ ቶኒ ሮልትና ደንካን ሃሚልተን በዝናብ ሲያሳድዱ ውለው በአንድ ዙር ያህል ተቀደሙ።

በ1955 ዲ-ታይፕ አሸነፈ፤ ስለዚያ ድል መጻፍ ግን ይከብዳል። የማይክ ሆውቶርን ጃጓር ወደ ጥገናው ቦታ ለመግባት ፍሬን ሲይዝ ከኋላው የነበረው ኦስቲን ሂሊ ሸሸ፤ ከዚያ ኋላ የመጣው የፒየር ለቬህ መርሴዲስ በኦስቲን ሂሊው ላይ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ ተወረወረ። ለቬህና ከ80 በላይ ተመልካቾች ሞቱ። መርሴዲስ ሌሊት ላይ የቀሩትን መኪናዎቹን አስወጣ፤ ጃጓር ቀጠለና አንደኛ ወጣ። ምርመራው ሾፌሮቹን በጥፋተኝነት አልያዘም። መሐንዲሶች በየሚሊ ሜትሩ ሲቆጥቡት የነበረው ፍጥነት ከአጥሩ ማዶ ላለው ሰው ምንም ጥበቃ አልተጨመረለትም ነበር። ስለ ዘይት ስናወራ ይህን መዝለል ነውር መስሎ ታይቶናል።

በ1956 እና በ1957 የስኮትላንዱ ኤኩሪ ኤኮስ ቡድን በዲ-ታይፕ ደጋግሞ አሸነፈ፤ በሁለተኛው ዓመት ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት በሙሉ ዲ-ታይፖች ነበሩ።

ደረቁ ገንዳ ግን ለሰፊው ሕዝብ አልደረሰም። ሁለት ፓምፕ፣ ጋን፣ የቱቦ መአት፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። በ1961 የወጣው ኢ-ታይፕ ከዲ-ታይፕ ብዙ ሲወርስ ዘይቱን ግን እንደማንኛውም መኪና ከሆዱ ሥር ይዞ መጣ፤ ኤክስኬ ሞተርም በዚሁ አኳኋን ከነዳይምለር ሊሙዚኑ እስከ 1992 ኖረ። ደረቁን ገንዳ መንገድ ላይ ያየው ኤክስኬኤስኤስን የገዛ ጥቂት ሰው ነው። ይህ መኪና ጃጓር ያልተሸጡ ዲ-ታይፖችን መስታወትና የጨርቅ ጣራ አልብሶ ለከተማ ያዘጋጀው ነው። በየካቲት 1957 ፋብሪካው ሲቃጠል አብዛኛው ዕቅድ አብሮ ነደደ፤ 16 ብቻ ተሠሩ። አንዱን ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ገዛው፤ ለሌ ማን ኩርባ የተሰናዳው የዘይት ጋንም ሎስ አንጀለስ ውስጥ የትራፊክ መብራት ሲጠብቅ ዋለ።