የአውሮፕላኑ ዜግነትና የአብራሪው ወረቀት

ይህን የኢዮቤልዩ መጽሔት ስናዘጋጅ ስለ እድራችን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችንና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት የሚጽፍ አልጠፋም። እኛ ደግሞ በናይሮቢ ኑሯችን ደጋግመን የሰማነውን አንድ ጥያቄ ከሥሩ ልናወጋችሁ ወደድን። በአንድ አገር የተገኘ የአብራሪነት ፈቃድ በሌላው አገር የሚሠራው እንዴት ነው?

ነገሩ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት፣ አውሮፕላን እንደ ሰው ዜግነት እንዲኖረው፣ አብራሪውም አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የሰጠው ወይም ያጸደቀለት ፈቃድ እንዲይዝ ደነገገ። ይኸው ደንብ ታኅሣሥ 7 ቀን 1944 በቺካጎ በተፈረመው ስምምነት አንቀጽ 32 ላይ ጸንቶ ቆየ። በቺካጎው ጉባኤ ከተሳተፉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ጠላት ከወጣ ገና ሦስት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ገና አልተመሠረተም ነበር።

ደንቡ ሞተር አልባውን ግላይደርንም ይመለከታል። ከኒየሪ ከተማ አጠገብ፣ በአበርዴር ተራሮች ግርጌ፣ ምዌጋ ላይ ግላይደር ሲበር ያያችሁ ትኖራላችሁ። አንድ ጀርመናዊ «ዲ» የሚል ምልክት ያለበትን ግላይደሩን ጭኖ ወደ ኬንያ ቢያመጣ፣ የአገሩን አየር ክልል የምታዝዘው ኬንያ ብትሆንም ፈቃዱን የሚመለከተው የጀርመን መዝገብ ነው። ኬንያዊ ጓደኛው በዚያው ግላይደር ልብረር ቢል የኬንያ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃውም፤ ጀርመን ታጽድቅለት ዘንድ ያስፈልጋል። ጀርመናዊውም «5ዋይ» የተጻፈበትን የኬንያ ግላይደር ለማብረር በተራው የኬንያን ማጽደቂያ ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ፣ አንድ አገር የራሱ ዜጋ ከውጭ ያመጣውን ፈቃድ በገዛ ሰማዩ ላይ አልቀበልም ለማለት መብቱ የተጠበቀ ነው።

መስፈርቱ ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መለኪያ ዕድሜ 16 ዓመት፣ በረራ 6 ሰዓት፣ ከዚህም ውስጥ 2 ሰዓት ብቻን በርሮ 20 ጊዜ መነሳትና ማረፍ ነው። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮሊን ፔኒኩክ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ሲኖር፣ መነሻ ሞተር በተገጠመለት ግላይደር የሴሬንጌቲን ጥንብ አንሳዎች በአየር ላይ ተከትሎ አጥንቷል። ጥንብ አንሳ ከገደል ጎጆው ተነስቶ የዱር መንጋ ፍለጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የታንዛኒያንና የኬንያን ድንበር ሲያልፍ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። ሰው ግን ይጠየቃል። እስከ 1977 ድረስ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ሲቪል አቪዬሽን በአንድ የጋራ መሥሪያ ቤት ይመራ ነበር። የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ሦስቱም የየራሳቸውን ያዙ። ደንባቸውን መልሶ የሚያቀራርብ የጋራ ተቋም የተቆመው በ2007 ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ከተሰደዱት ወገኖቻችን መካከል የአየር ኃይል ሰዎች እንደነበሩበት ይታወሳል። የቺካጎ ስምምነት የጦር አውሮፕላኖችን አይመለከትም። ስለዚህ ዕድሜውን በአየር ላይ የጨረሰ ሰው በደረቱ ክንፍ እንጂ በእጁ ላይሰንስ አልነበረውም። የበረራ ሰዓቱ የተጻፈበት መዝገብም ደብረ ዘይት ቀርቷል። ስለዚህ ለሌላው አገር መሥሪያ ቤት ያ ሰው ጨርሶ እንዳልበረረ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ከተማሪ ጋር ተቀምጦ ፈተናውን «ሀ» ብሎ የጀመረ አለ፤ ሰማዩን ትቶ መሪ የጨበጠም አለ። ቡና ላይ ሲያጫውቱን ያልነገሩንን እኛ አሁን ገብቶናል።

እንግዲህ ልጆቻችን ዛሬ በየአገሩ በረራ ይማራሉ። ለትምህርቱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ነገ የምታበሩት አውሮፕላን በየትኛው አገር እንደሚመዘገብ ጠይቁ። እያንዳንዱን የበረራ ሰዓት አስፈርሙ፤ ኮፒውንም ሌላ ቤት አስቀምጡ። አባቶቻችን ሙያው ነበራቸው፤ የጎደላቸው ያ ወረቀት ነው።