ደራሲው (ልብ ወለድ)

«ደራሲው» በዓሉ ግርማ ጽፎ በ1972 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኩ ሲራክ ራሱ ደራሲ ነው። በድርሰቱ ዓለምና በኑሮው መካከል ይዋልላል፤ የሚጽፈውና የሚኖረው እየተቀላቀሉ ይሄዳሉ። ትልቁ ፍልሚያ ያለው ከቤት ውጭ ሳይሆን በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ነጭ ወረቀት፣ ብዕር፣ የማይመጣ ቃል።

ሲራክ የተቀረጸው በደራሲ ስብሓት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። በመሆኑም እውኑና ምናቡ በሁለት በኩል ይምታታሉ፦ አንዴ በሲራክ አእምሮ፣ አንዴ ደግሞ ስብሓትን በሚያውቅ አንባቢ ዓይን። የመጽሐፉ ትልቁ ውበት ይህ ይመስለኛል። ሲራክን ስብሓት ብቻ አድርጎ ማንበብ ግን በዓሉን መበደል ነው፤ የጋዜጠኛና የደራሲ ኑሮን በዓሉም ኖሮታል።

በዓሉ የተወለደው በኢሉባቦር፣ ሱጴ ነው። በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ሐዲስ» በልብ ወለድ ወደዚያው ኢሉባቦር ተመልሷል። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ልብ ወለዱ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።