ሁለቱ 1967ዎች፦ የጭላሎ ስንዴና የጢሰኛው ድርሻ

የአርሲን ስንዴ ታሪክ ማንበብ ስትጀምሩ 1967 የሚባል ዓመት ሁለት ጊዜ ይገጥማችኋል። አንዱ የፈረንጆች ነው፣ ሌላው የእኛ፤ በመካከላቸው ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አለ። እኔ መጀመሪያ ላይ አቀላቅያቸው ነበርና እናንተ ተጠንቀቁ።

በ1967 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው፣ አሰላን ማዕከል ያደረገ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ጀመሩ። በአጭሩ ካዱ ይባል ነበር። ጭላሎ ያኔ ከአርሲ ሦስት አውራጃዎች አንዱ ነው። ሐሳቡ ለጊዜው አዲስ ነበር፦ የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ገበያ፣ መንገድና ምክር ተነጣጥለው ሳይሆን አንድ ላይ ለአነስተኛው ገበሬ ይድረሱ። ሠራም። የተሻሻለው ስንዴ ከማዳበሪያ ጋር ሲሆን የሄክታሩ ምርት በግልጽ ጨመረ።

እኔ የእርሻ መሣሪያ ምሕንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ዓይኔን የሳበው ግን ሌላ ነገር ነው። ካዱ የእርሻ መሣሪያ የሚያጠና ክፍልም ነበረው። የኛ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ ገበሬው አንዱን ማሳ እያቋረጠ ሦስት አራት ጊዜ ማረስ አለበት። ታዲያ የሚገለብጥ የብረት ማረሻ ቢሰጠውስ? ይከብዳል፣ በሬዎቹን ያደክማል። ገበሬው ደግሞ ሞፈርና ቀንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ነው ማሳ የሚደርሰው። ድግሩ ወይም እርፉ ቢሰበር ከደጁ እንጨት ቆርጦ ይጠርባል፤ ብረቱን ግን ማን ይጠግንለታል? እንዲህ ያለ ጥያቄ የእኔን ዓይነት ሰው ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል። ለብዙው የጭላሎ ገበሬ ግን ዋናው ጥያቄ ይሄ አልነበረም። የሚያርሰው መሬት የእሱ አይደለማ!

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ምኒልክ አርሲን ከያዙ በኋላ ብዙ የአርሲ ኦሮሞ መሬት ለመኳንንትና ለወታደር ተሰጥቶ ነበር። በ1960ዎቹ የነበረው ጢሰኛ ያንን ወርሶ ነው የሚያርሰው። የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለርስቱ ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግማ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ይፈቅድ ነበር።

እስቲ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው። ከማሳው 9 ኩንታል የሚያገኝ የሲሶ አራሽ 3 ሰጥቶ 6 ይቀረዋል። አዲሱ ዘርና ማዳበሪያ ምርቱን ወደ 15 አሳደገው እንበል። ባለርስቱ ይህን አይቶ «ከእንግዲህ እኩል ነው» ካለ፣ ለገበሬው 7 ኩንታል ተኩል ይደርሰዋል። የማዳበሪያው ዕዳ 2 ኩንታል ከበላ የቀረው 5 ተኩል ነው፤ ከድሮው ያንሳል። ኪራዩ ከሲሶ ወደ እኩል መውጣቱ ግን የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በጭላሎ በእርግጥ ሆኗል።

ይህም የደረሰው እዚያው ለቆየው ነው። ባለርስቶች መሬቱ እንደሚያተርፍ ሲያዩ ራሳቸው ሊያርሱት ፈለጉ። መንግሥትም የእርሻ መኪናን ለማስፋፋት ትራክተር ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። አንድ ትራክተር የስንት ጥማድ በሬ ሥራ እንደሚሠራ አስቡት። ጢሰኞች ተነቀሉ፤ የግጦሹም መሬት ታርሶ ከብቶቻቸው መዋያ አጡ። ካዱ ይህን ዝም ብሎ አላየም። አገልግሎቱን በአነስተኛ ገበሬዎች ለመወሰን ሞከረ፣ ብድር ለሚፈልግ ጢሰኛም የጽሑፍ የኪራይ ውል ይኑር አለ። ግን ውሉን መፈረም ያለበት ያው ባለርስቱ ነው። ብዙዎቹ አልፈለጉም።

መፍትሔው የማይታወቅ ነገርም አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ ካዱ ገና አልተወለደም። በኋላም የጢሰኛውንና የባለርስቱን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ደርሶ ነበር። በባለርስቶች የተሞላ ፓርላማ ነውና ሳይጸድቅ ቀረ።

ሁለተኛው 1967 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጢሰኝነት ቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ። የጭላሎ ገበሬ ለባለርስት ማካፈሉ በአንድ ቀን አዋጅ አበቃ። በእኔ እምነት ካዱ በዘርና በማዳበሪያ ካደረገው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሆኖም ደስታው ሙሉ አልነበረም፦ ብዙ ሳይቆይ መንግሥት የእህል ኮታና የተቆረጠ ዋጋ አመጣ፤ ገበሬው መሬቱን ቢያገኝም የስንዴውን ዋጋ የሚወስንለት ሌላ ሆነ። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ እኔ የምሠራው በስንዴ መውቂያ ማሽን ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ለመስክ ሥራ ወጥቼ ለአንድ አባት ማሽኑ ወጪውን በስንት ዓመት እንደሚመልስ በኩራት አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ እኔኮ የማርሰው የሰው መሬት ነው፤ እኩል ነው የምንካፈለው። ማሽኑ የሚመልሰው ለማን ነው?» አሉኝ። መሬት መሸጥ ዛሬም በሕግ ክልክል ነው፤ መከራየትና በእኩል ማረስ ግን አለ። በስሌቴ ውስጥ የነዳጅ፣ የጥገናና የእህል ብክነት ዓምድ ነበረኝ፤ የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አልነበረኝም። ቤቴ ስመለስ ጨመርኩት፤ የመመለሻ ዓመቱ ለእኩል አራሽ ሲሰላ ሌላ ቁጥር ሆኖ መጣ።